የድንቢጥ አስተርጓሚ

መጋቢት 4፣ ሰኞ

ዛሬ የአናጢው ልጅ «በሬ» አለ። «በዬ» አይደለም፣ «በሌ» አይደለም፤ ጥርት ያለ «በሬ»። ሰባት ወር የለፋንበት ድምፅ ነው። አባትየው በሩ ላይ ቆሞ ሰማና ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነበት። እኔም ላለማልቀስ መስተዋቱን መወልወል ጀመርኩ። መስተዋቱ የተሰቀለው በልጅ ቁመት ስለሆነ ቆሜ ስወለውል የማየው የገዛ ሆዴን ብቻ ነው።

ሃያ ሰባት ዓመት! በዚህ የሕፃናት ማእከል፣ በመተላለፊያው መጨረሻ ባለች ክፍል፣ ድምፅ የተጣመመባቸውን፣ ቃል የዘገየባቸውን ልጆች ሳቃና ሃያ ሰባት ዓመት። ዳይሬክተሩ እንግዳ ሲያስጎበኝ «እሷ የማትሰማው ልጅ ገና አልተወለደም» ይላል። እኔ «ኧረ ተው» እላለሁ፤ ግን እውነቱን ነው። እናት «ምን አለ?» ብላ ስትደናገር እኔ መልሱን ሰጥቼ ጨርሻለሁ። በገዛ ደብተሬ ላይ ካልኮራሁ የት ልኮራ ነው?

ድንቢጥ ዛሬም ስታወራ ዋለች። የልጄ ልጅ ናት፤ አምስት ዓመቷ። ይህን ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ አፏ ለአፍታ አያርፍም። የንግግር ባለሙያ የልጅ ልጅ ናትና ምን ይገርማል።

መጋቢት 7፣ ሐሙስ

ልጄ ከምትሠራበት ባንክ ስትመለስ፣ ለድንቢጥ ካመለከትንበት ትምህርት ቤት የተላከ ደብዳቤ ይዛ መጣች። ግንቦት 24 አንዲት መምህርት ከድንቢጥ ጋር አሥር ደቂቃ ትቀመጣለች፤ ታጫውታታለች፣ ሥዕል ታስላታለች፣ ትጠይቃታለች። ልጅቷ የምትለው ለመምህርቷ ከገባት ለመስከረም ትመዘገባለች። ካልገባት ዓመቱን ከትንንሾቹ ጋር ትደግማለች። ቤተሰብ ውጭ ይቆያል።

ልጄ ደብዳቤውን ሁለቴ አነበበችው።

«እማዬ፣ ቤተሰብ ውጭ ይቆያል ይላል እኮ።»

«ታዲያ ይቆያላ!» አልኳት።

ምን እንዳስጨነቃት አልገባኝም። ቤታችን ውስጥ ባለሙያ ተቀምጣለች።

መጋቢት 9፣ ቅዳሜ

አማቼ መጣ። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ አሥር ቀን ይነዳል፣ ሁለት ቀን ይተኛል። ድንቢጥ በሩ ላይ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ወሬዋን ለቀቀችበት።

«አባ፣ ድመቷ ዷዳ ደብታ ወተቱን ደፋተው!»

እሱ ዞሮ እኔን አየኝ። «ድመቷ ጓዳ ገብታ ወተቱን ደፋችው ነው የምትልህ» አልኩት። ከዚያ ሳቀ። ሰውየው ድሮም ሳቁ ዘገምተኛ ነው።

ማታ እነሱ እቃ ሲያጥቡ እኔ ውሃ ልጠጣ ስሄድ ሰማሁት። «ልጄ ስታወራኝ እናትሽን እያየሁ ነው የምስቀው። በገዛ ቤቴ በአስተርጓሚ የሚኖር እንግዳ ሆንኩ» ይላል። ውሃውን ሳልጠጣ ተመለስኩ።

ቀኑን ሙሉ ሞተር ላይ የሚውል ሰው ጆሮው ምን ይቀራል! እኔን የገረመኝ ልጄ ናት። አንድ ቃል አልመለሰችለትም።

መጋቢት 13፣ ረቡዕ

በጥድፊያ። ሰባት ልጅ፣ አንዱ አዲስ። የምላስ መጫኛ እንጨት አልቆ ሰው ልኬ አስመጣሁ።

ድንቢጥ የምትውልበት የሕፃናት ማቆያ ከእኔ ክፍል ጋር በመስኮት ይተያያል። ሞግዚቷ ዛሬ ሦስቴ ጮኸችብኝ። «እትዬ፣ ድንቢጥ ምን ፈልጋ ነው?» ካልሲዋ ረጥቦ ነው። «እትዬ፣ አሁንስ?» ቀዩን ቀለም ወሰዱብኝ ነው የምትልሽ። «እትዬ...» ተራዬ ደርሷል ነው!

ከመስኮት ሳልነሳ መለስኩላት። አዲሱን ልጅ ይዛ የመጣችው እናት በአድናቆት አፏን ከፍታ ቀረች።

መጋቢት 20፣ ረቡዕ

ልጄ ሻይ ቀድታልኝ አጠገቤ ተቀመጠች። ሻይ ቀድታ ስትቀመጥ ነገር እንዳለ አውቃለሁ።

«እማዬ፣ አትቆጪ። ቀጮ ብታያትስ?»

ቀጮ ማለት ሥራውን ከእኔ የተማረች፣ አሁን ከጎኔ ባለው ክፍል የምትሠራ ልጅ ናት። እስክሪብቶ አያያዝ ሳይቀር ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

«ምኗን ነው የምታያት?»

«ንግግሯን። ባንክ ይዣት ስሄድ ማንም አይገባውም። ያንን ሁሉ አውርታ፣ ሰዎቹ ‹ጎበዝ፣ ጎበዝ› ብለው ጭንቅላቷን ይዳብሷታል። ያመኛል፣ እማዬ።»

«አንቺም ልጅ ሆነሽ ማንም አይሰማሽም ነበር። ማን አቃናሽ?»

«አንቺ። ለዚህ እኮ ነው አንድ ዓመት ሙሉ ዝም ያልኩት» አለችና ብርጭቆዋን ይዛ ሄደች።

ምላሷ ከጉሮሮ በሚወጡት የኋላ ድምፆች ላይ ትንሽ ሰነፍ ነው። ከ፣ ገ እና ቀ። ይስተካከላል። ብዙ ልጅ አይቻለሁ። ይስተካከላል።

መጋቢት 25፣ ሰኞ

መዝገብ ቤት ፋይል ልመልስ ስሄድ ሁለቱ ሠራተኞች ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ያወራሉ። አንደኛዋ «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» አለች። ሌላዋ ሳቀች። የማእከሉን ወጥ ቤት የምታስተዳድረውን እያሟት መስሎኝ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ሁለቱም ዞረው ሲያዩኝ በሐፍረት ቀልጠው ቀሩ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

መጋቢት 26

ምንም።

ሚያዝያ 2፣ ሰኞ

እሺ። ይኸው ላሳያቸው ብዬ ተነሳሁ።

እኛ ጋ አንድ አሠራር አለ፤ ያመጣሁት ራሴ ነኝ። አንድን ልጅ ወራት ስትሰማው ጆሮህ ይላመዳል። የልጁ ንግግር ሳይቃና አንተ የተቃና ይመስልሃል። ስለዚህ በየሦስት ወሩ ልጁን ሃያ ዓረፍተ ነገር እንቀዳዋለን፤ ቅጂውን ልጁን አይቶት ለማያውቅ ሰው እንሰጠዋለን፤ እሱ የሰማውን ይጽፋል። «የእንግዳ ጆሮ» እንለዋለን። እንግዳችን ከመንገዱ ማዶ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ የሚሠራው ሽማግሌ ነው። ይሉኝታ የለውም፤ ያልሰማውን ሰማሁ አይልም።

ድንቢጥን ቀድቻት አላውቅም። ለምን እቀዳታለሁ? ይገባኛላ።

ትናንት ቀዳኋት፤ ዛሬ ጠዋት ሰጠሁት። ከሰዓት ወረቀቱን አመጣልኝ። ከሃያው አራቱን ጽፏል። የቀረው ባዶ መስመር። ከአሥራ አንደኛው ጎን በእርሳስ «ይቅርታ፣ ይህ የምን አገር ቋንቋ ነው?» ብሎ ጽፏል።

የጆሮ ማዳመጫህ አሮጌ ነው አልኩት። የራሴን አዋስኩትና ደግሞ ሰማ። አምስት።

«አስተማሪ፣ በማዳመጫ አያሳብቡ» አለኝ።

ሚያዝያ 3፣ ማክሰኞ

ቅጂውን ሌሊቱን ደጋግሜ ሰማሁት። እያንዳንዱ ቃል ይገባኛል። ሃያውም! ወንዝ እንደሚወርድ ነው የሚገባኝ። ለዚህ ነው እንቅልፍ ያጣሁት። ሌላ ሰው የማይሰማውን መስማቴ ነው ሲያኮራኝ የኖረው፤ ይኸው እሷ አንድ ድምፅ ስትጥል እኔ አነሳሁላት፣ ሌላ ስትጥል አነሳሁላት፤ ታዲያ ልጅቷ ለምን ትድከም? ከአፏ ቀድሜ እየደረስኩ።

በገዛ ትምህርቴ ላይ ጽፌዋለሁ፤ «ለጆሯችሁ አትመኑት» ብዬ። ከሥሩ ሁለት መስመር አስምሬበታለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉ የለ? አማቼ ሳቁ ሲዘገይ ያን ጊዜም አውቄዋለሁ መሰለኝ። አላውቅም። አውቄ ነበር።

ሚያዝያ 5፣ ሐሙስ

ቀጮ ክፍል በር ላይ ቆምኩ። አንኳክቼ ገብቼ የማላውቅ ሴትዮ ዛሬ አንኳኳሁ። ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩላት። አየችው፤ አልደነገጠችም። ያልደነገጠችው ጎዳኝ።

«ታውቂ ነበር?»

«ሁለት ዓመት ሆነኝ፣ እትዬ።»

«ለምን አትነግሪኝም?»

«ፈራሁዎት።» ቀና አለችና «ይተዉ እንጂ እትዬ፣ እዚህ ማእከል ውስጥ የማይፈራዎት አለ እንዴ?» አለችኝ።

ሳቅኩ። ወዲያው ደግሞ ሳቄ ጠፋ። «እንድታዪያት ነው የመጣሁት» አልኩ።

ትቀበላታለች፤ በሳምንት አራት ቀን። ሁለት ነገር ግን አለች። አንደኛ፣ እኔ ክፍሉ አልገባም። ሁለተኛ፣ ቤት ውስጥ ለማንም አልተረጉምም። ቢገባኝም እንዳልገባኝ ሆኜ እጠብቃለሁ፤ እሷ ሌላ መንገድ እስክትፈልግ። «ድምፁን እኔ አወጣዋለሁ» አለችኝ፤ «ከባዱ ሥራ እርስዎ ነዎት።»

የገዛ ትምህርቴን ነው የመለሰችልኝ፤ ያውም በትህትና፣ ያውም አንድ ሳታጎድል። ተናደድኩባት፤ ኮራሁባትም። የትኛው እንደሚበልጥ እንጃ።

ሚያዝያ 9፣ ሰኞ

የመጀመሪያው ቀን። «እምዬ፣ ተረሜላ።» ምን? «ተረሜላ!» ምን አልሽ፣ የኔ እናት? «ተረሜላ! ተረሜላ! ተረሜላ!» ጠረጴዛው ሥር ገብታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ለእናቷ «እምዬ ጠላተኝ» አለቻት።

ልጄ ግራ ገብቷት እኔን አየችኝ። ያለችው ገብቶኛል፤ «ጠላችኝ» ነው ያለችው። ዝም አልኩ። እንደ ዛሬ ከረሜላ የሚሠሩትን ሁሉ የረገምኩበት ቀን የለም።

ሚያዝያ 11

ዛሬ ሁለቴ ተረጎምኩ።

ሚያዝያ 12

አንዴ። ለሞግዚቷ፣ በመስኮት። አፌ ቀደመኝ። ከሰዓት መስኮቱን ዘጋሁት።

ሚያዝያ 14፣ ቅዳሜ

አንዴም! ቤት ማንም ስላልነበረ ያየልኝ የለም። ድንቢጥ የመጠጫ ኩባያዋን ስትጠይቀኝ «አልገባኝም፣ አሳዪኝ» አልኳት። እጄን ይዛ ጎትታ ወሰደችኝና በጣቷ ጠቆመችኝ፤ ከዚያ ቃሉን በዝግታ፣ እንደ ደደብ ሰው እያየችኝ አለችልኝ። ንቀቷ ደስ አለኝ።

ሚያዝያ 19፣ ሐሙስ

በግድግዳው በኩል ሰማሁ። ጆሮዬን ለጥፌ ነው፤ ክፍሉ አትግቢ እንጂ ግድግዳው ላይ አትለጠፊ አልተባልኩም። ያስተማርኳት እኔ ነኝና ሳላይም አውቀዋለሁ፤ ቀጮ ድንቢጥን ምንጣፍ ላይ በጀርባዋ አስተኝታታለች። ትንሽ ውሃ አፏ ይዛ፣ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ በጉሮሮዋ እንድታጫውተው ታደርጋታለች። ምላስ ወደ ኋላ እንዲሄድ። ድንቢጥ እየሳቀች ውሃውን ሁሉ ላይዋ ላይ ደፋችው።

«አሁን ያለ ውሃ» አለቻት ቀጮ።

ከዚያ «ክ።»

ብቻዋን፣ ቃል የሌላት፣ አንዲት «ክ»። ሃያ ሰባት ዓመት ስንቱን «ክ» ሰምቻለሁ! የልጆቹ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ።

ሚያዝያ 28፣ ቅዳሜ

አማቼ መጣ። ድንቢጥ ገና ጫማውን ሳያወልቅ ጀመረችው፤ ረዥም ነገር፣ ስለ ሞግዚቷ መነጽር። እንደ ልማዱ ዞሮ አየኝ። እኔ የታጠፈ ፎጣ ዘርግቼ እንደገና ማጠፍ ጀመርኩ።

«እማማ?» አለኝ።

«እኔን ምን ታየኛለህ? የምታወራው አንተን ነው።»

ቅር አለው። ከዚያ ግን ወለሉ ላይ ተቀመጠላት። «አልገባኝም፣ እንደገና ንገሪኝ። ማን ነው የሰበረው?» አላት። ነገረችው። «የት?» ነገረችው። መነጽሩ ወንበር ላይ እንዴት እንደተቀመጠ በእጇ አሳየችው። ይህኛው ሳቁ አልዘገየም፤ ከእሷ ጋር እኩል ነው የሳቀው። ፎጣውን አራት ጊዜ ሳላጥፈው አልቀረሁም።

በጆሮው ላይ ስናገር የነበረውን ሁሉ ይቅር ይበለኝ። አፍ አውጥቼ ግን አልነግረውም።

ግንቦት 10፣ ሐሙስ

ሁለተኛው የእንግዳ ጆሮ። ከሃያው አሥራ ሦስት። ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ሽማግሌ ወረቀቱን ራሱ መንገድ አቋርጦ አመጣልኝ። «ይህች ልጅ አገሯ ገባች» አለኝ።

አሥራ ሦስት። ለትምህርት ቤቱ ይበቃል? መምህርቷ ምን ዓይነት ሰው ትሆን? የሚቸኩል ሰው ከሆነችስ? ሁለት ሳምንት ቀረን።

ግንቦት 17፣ ሐሙስ

ጉንፋን። አፍንጫዋ ተደፍኗል። «ከ» ያለችው «ተ» ሆኖ ተመለሰ፤ ሁሉም ነገር ተመለሰ። ቀጮ «ያልፋል፣ እትዬ» ትለኛለች። ይህን ለወላጆች ስል የኖርኩት እኔ ነኝ፤ ለካ ሲባሉት እንዲህ ባዶ ነው።

ልጄን ማታ «ጊዜዋን በላሁባት፤ ያኔ ስትነግሪኝ ብሰማሽ ኖሮ» አልኳት። እናት ለልጇ እንዲህ የምትልበት ልማድ የለንም። ልጄ ጸጉሬን ነካ አደረገችና «ሻይ ልቅዳልሽ?» አለችኝ።

ግንቦት 23፣ ረቡዕ

ነገ። ጉንፋኑ ለቋታል። «ከ» ተመልሳለች፤ ረዥም ቃል ውስጥ ግን ትጠፋባታለች። ልጄ ከባንክ ፈቃድ አላገኘችም፤ አማቼ መንገድ ላይ ነው። የምወስዳት እኔ ነኝ። ልጄ የድንቢጥን ጫማ እየቦረሸች «እማዬ፣ አደራ» አለችኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ግንቦት 24፣ ሐሙስ

ዛሬ አንዲትም ነገር ሳላስቀር እጽፋለሁ።

ትምህርት ቤቱ ረዥም መተላለፊያ አለው፤ ግድግዳው ግማሽ አረንጓዴ፣ ግማሽ ነጭ። መምህርቷ ወጣት ናት፤ ድምፅዋ ጎርነን ያለ፣ የማትቸኩል። ድንቢጥን እጇን ይዛ አስገባቻትና በሩን ገርበብ አደረገችው። እኔ ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። በበሩ ክፍተት አልሰማም ብዬ ብዙ ታገልኩ፤ አልሆነም። «ስድስት» አለች። «አይጥ» አለች። «ቀይ» አለች፤ ጥርት ያለ «ቀይ»፤ እግሬ ወለሉን መታ። ከዚያ እርሳስ ሲፋቅ፣ ከዚያ የመምህርቷ ጥያቄ።

በሩ ተከፈተ። መምህርቷ ወረቀት ይዛ፣ ድንቢጥ ከኋላዋ።

«አያቷ ነዎት? ይህን ሳለችልኝ። ምን እንደሆነ ሦስቴ ነገረችኝ፤ ‹ተዶታት› ነው የምትለኝ። ምን ማለቷ ነው?»

ወረቀቱን ማየት አላስፈለገኝም። ተጎታች ነው፤ የአባቷ መኪና ላይ ከኋላ የሚቀጠለው። አፌ ተከፍቷል፣ ቃሉ ምላሴ ላይ ነው፣ የመምህርቷ እርሳስ ቅጹ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። አንድ ቃል ብናገር ሊያልቅ ነው። ድንቢጥም ቀና ብላ የምታየው እኔን ነው፤ እንደ ድሮው፤ አስለምጄያት እንደኖርኩት።

«እሷኑ ይጠይቋት» አልኩ።

ዓይኔን ከልጅቷ ላይ አነሳሁና ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የእጅ አስተጣጠብ ሥዕል ማንበብ ጀመርኩ። ሳሙና፣ ውሃ፣ በጣቶች መካከል። ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም። ምናልባት ሃያ ሰከንድ ነው፤ ሃያ ሰባቱ ዓመት ቶሎ ነበር ያለቀው።

ድንቢጥ ተነፈሰች። ወረቀቱን ከመምህርቷ እጅ ቀበል አደረገችና ጣቷን አሳረፈችበት።

«ይህ የአባ መኪና ነው። ከኋላው ሌላ መኪና አለ፤ ሰው የለውም። የአባ መኪና ይጎትተዋል።»

«ከኋላው» ብላለች። «ይጎትተዋል» ብላለች። «ከ»ዋን ሳትጥል፣ «ጎ»ን እንደ ትልቅ ሰው ከጉሮሮዋ አውጥታ።

«አሃ! ተጎታች!» አለች መምህርቷ።

«እሱን እኮ ነው የምልሽ» አለቻት ድንቢጥ፣ ትንሽ ታክቷት።

መምህርቷ እየሳቀች ቅጹ ላይ ጻፈች። «ሁሉም ድምፅ ገና አልጠራላትም፤ ይጠራል። እኔ የምፈልገው ይህንን ነው፤ ሰው ሳይገባው ሲቀር ተስፋ አትቆርጥም። መስከረም ላይ እንገናኝ» አለችኝ። ባለሙያ መሆኔን አልነገርኳትም። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልነግር ቀረሁ።

ለቀጮ ከመተላለፊያው ደወልኩላት። «አለፈች፤ ልጄ፣ አንቺ ጎበዝ ነሽ» አልኳት። ዝም አለች። ሲጨንቀኝ «ለምን ዝም ትያለሽ?» አልኳት። «እየጠበቅሁዎት ነው፣ ሌላም ካለ» አለችኝ፤ ድምፅዋ እርጥብ ነበር።

ወደ መውጫው ስንሄድ ድንቢጥ እጄን ለቃ ቀድማኝ ሮጠች። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ አይቷት አያውቅም። ፊቱ ቆማ ሁሉንም ነገረችው፤ መምህርቷን፣ ሥዕሉን፣ የአባቷን መኪና። እኔ ኮቴን እየቆለፍኩ በዝግታ መጣሁ። ዘበኛው ራሱን እየነቀነቀ «እና አባትሽ መቼ ነው የሚመጣው?» አላት። «ቅዳሜ» አለችው። «እኔንም መኪናው ላይ ያሳፍረኛል?» አላት። ቀና ብላ አየችው፤ ሆዱን አየች። «ተጎታቹ ላይ» አለችው።

ዘበኛው በሳቅ ፈረሰ። ምን አለችኝ ብሎ አልጠየቀኝም።